ምዕራፍ አምስት፦ የተኛች ኳስና ይሉኝታ

በአዲስ ቅዳም ያደገ ሰው ለጀማሪ የጎልፍ ተጫዋች ምክር እጽፋለሁ ብሎ ሲነሣ የአገሩ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ፤ ይኸውም «ጎልፉን ደግሞ ከወዴት አገኘኸው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከኢንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቀመጠችው፣ የፋግታ ለኮማ ወረዳ መናገሻ የሆነችው፣ ስሟ ራሱ ቅዳሜን የሚያስታውሰው ከተማችን የምትታወቀው በድንቿ፣ በፈረሶቿና ከዲከረንስ ዛፍ በሚወጣው ከሰሏ እንጂ ሣሩ ተከርክሞ ባንዲራ በተተከለበት ሜዳ አይደለም። እኔም ብሆን ዕድሜዬ አርባ እስኪሞላ ድረስ የማውቀው ዱላ ከብት የሚነዳበትንና ገና የምንጫወትበትን ብቻ ነበረ።

ታኅሣሥ 29 ቀን ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር የምትባለዋን ኳስ ስናሳድድ፣ አንዱ ቢስት መሳቱ ሳይታወቅበት ሌላው ፈጥኖ ይመታታል፤ የመንጋው ጩኸትም የሳተውን ሰው ኃጢአት ይሸፍንለታል፤ ያን ዕለት ጌታ እንኳ በሎሌው እንዳይቆጣ ከጥንት ጀምሮ ልማድ ያዘዘ ስለሆነ፣ ጥፋት ሁሉ በሳቅ ይሻራል። ጥር 23 ቀን ደግሞ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዐድዋና በሌሎችም ጦርነቶች ለዘመቱት ፈረሶች መታሰቢያ የሆነውን በዓሉን ሲያከብር፣ ግልቢያው ያልሠመረለት ጎልማሳ «ፈረሱ ደንብሮብኝ ነው» ቢል የሚከራከረው አይኖርም፤ ፈረሱም አፍ አውጥቶ አይመሰክርበትም። እንዲህ ባለ ጨዋታ ያደገ ሰው ስሕተቱን ከሰው ጋር ወይም ከእንስሳ ጋር ተካፍሎ መሸከም ይለምዳል።

ጎልፍ ይህን መሸሸጊያ ሁሉ ነሣኝ። በአንዲት ቅዳሜ ማለዳ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ በአዲስ አበባ ወደሚጫወትበት ሜዳ ይዞኝ ሄዶ፣ በአንዲት የእንጨት ችንካር ራስ ላይ ኳስ አስቀምጦ፣ ረጅሙን ዱላ ካስጨበጠኝ በኋላ፣ ሦስት ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ልጄ ሊሆን የሚችለው ካዲም የዱላ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ፣ ሁሉም በአርምሞ ይጠብቁኝ ጀመር። ዱላውን ከትከሻዬ በላይ አንሥቼ ያለኝን ጉልበት ሁሉ አሟጥጬ ሰነዘርሁ። አየሩ እንደ ጅራፍ ጮኸ፤ ኳሷ ግን እንደ ተኛች ቀረች። ባልደረባዬ ለክብሬ ተጨንቆ «ይቺ መሞከሪያ ናት፣ አትቆጠርም» አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ «አዎን፣ መሞከሪያ ነበረች» አልሁ፤ ካዲው ዐይኑን ወደ ሣሩ ሰበረ። መሞከሪያ እንዳልነበረች ሁላችንም እናውቅ ነበር። በጎልፍ ሕግ፣ ኳስን ለመምታት ታስቦ የተሰነዘረ ዱላ ኳሷን ቢያገኛትም ባያገኛትም አንድ ተብሎ ይቆጠራል። እንግዲህ በዚህ ጨዋታ የመጀመሪያው ሥራዬ መሳት፣ ሁለተኛው መዋሸት ነበረ፤ ሦስተኛውም መሸሽ ሆነና ስምንት ወር ሙሉ ወደ ሜዳው ሳልመለስ ቀረሁ።

በእነዚያ ስምንት ወራት ለጠየቀኝ ሁሉ የሰጠሁት ምክንያት የወገብ ሕመም ነበረ። እውነተኛው ምክንያት ግን ይሉኝታ ነው፤ ይህንንም ምዕራፍ የጻፍሁት ጀማሪውን ከሜዳ የሚያስወጣው የክንዱ አለመታዘዝ ሳይሆን ይሉኝታው መሆኑን በራሴም ከእኔ በኋላ በጀመሩትም ላይ ስላየሁ ነው። ይሉኝታን ፈጽሜ የማወግዝ ሰው አይደለሁም፤ ሐዘንተኛ ብቻውን እንዳያድር፣ እንግዳ ጦሙን እንዳይሄድ፣ ታናሽ በታላቁ ፊት ቃሉን እንዲመጥን የሚያደርገው ይኸው ስለ ሆነ፣ ያለ እርሱ የአገራችን ኑሮ ምሰሶው እንደ ወለቀ ጎጆ በሆነ ነበረ። ነገር ግን ይሉኝታ የደረሰውን ሰው ክብር የሚጠብቅ አጥር እንጂ ያልደረሰውን የሚያደርስ መሰላል አይደለም፤ የሚማር ሰው ደግሞ በባሕርዩ ያልደረሰ ነው። ከዚህም በላይ በጎልፍ ሜዳ ላይ ይሉኝታ የልብ ነገር ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ወደ ሥጋ ይወርዳል። «አሁን ምን ይሉኝ ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ገና ዱላው ከኳሷ ሳይደርስ ዐይንን ወደ ተመልካቹ ይመልሰዋል፤ ዐይን የሄደበት ራስ ይከተለዋል፤ ራስ ሲቀና ደረት አብሮ ይቀናል፤ ደረት የቀናበት ዱላም ከኳሷ በላይ አየር ቀዝፎ ያልፋል። ከስምንት ወር በኋላ ያስተማሩኝ አሠልጣኝ ያችን የቅዳሜ ስሕተቴን ስነግራቸው «ኳሷን ሳይሆን ሰዎቹን ነበር የምታየው» ያሉኝ ለዚህ ነው።

በዚህ ጨዋታ ይሉኝታ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የሚበረታው ኳሷ የተኛች በመሆኗ ነው። በእግር ኳስ ኳሷ ትሮጣለች፤ ተጫዋቹም ለማፈር ጊዜ አያገኝም። የጎልፍ ኳስ ግን እስኪመቷት ድረስ ትጠብቃለች፤ የሚያስቸኩል ባላጋራ የለም፤ የሚደነብር ፈረስ የለም፤ በመካከል ያለው ዝምታና የገዛ ኅሊና ብቻ ነው። ሰው ይህን ፈተና በራሱ ላይ ካመጣ ዘመን ርቋል፤ በእንግሊዞች ደሴት ሰሜን፣ በስኮትላንድ፣ ጨዋታው ሕዝቡን ከቀስት ውርወራ ልምምድ አዘናጋው ተብሎ በንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ ዘመን፣ በ1457 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በኋላ የምጠራቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከእግር ኳስ ጋር በአዋጅ ተከልክሎ ነበር። አዋጁ እንዳልሠራ እኛ ምስክር ነን። በ1744 በኤዲንብራ አጠገብ በምትገኘው በሊዝ ተጫዋቾች ተሰብስበው 13 አንቀጽ ያለው የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕግ አወጡ፤ ዛሬም ጨዋታው በዋናው ነገር ያው ነው፦ ከ45.93 ግራም የማትከብደውን፣ ከ42.67 ሚሊ ሜትርም የማትቀጥነውን ኳስ፣ ወርዱ 108 ሚሊ ሜትር በሆነ ጉድጓድ ውስጥ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ማስገባት፤ ይህንም ዐሥራ ስምንት ጊዜ መድገም። በአገራችን ጨዋታው የጥቂቶች ሆኖ የቆየ ነው፤ በአዲስ አበባ በአሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ያለው ጎልፍ ክለብና በእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ የሚገኘው ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ ለብዙ ዘመን ስሙን አቆይተውለታል።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? በጎጃም ምድር ለተወለደ ሰው የዚህ መልስ በእጁ ነው፤ ምንም እንኳ ራሱ ቅኔ ቤት ባይገባ፣ የቅኔ ቤትን ሥርዐት ሲወራ ሰምቶ ያደገ ነውና። የቅኔ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን መወድስ አይቆጥርም። ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እርሷ ስትቀናለት ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ከስንት ድካም በኋላ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ከዚህም የሚበልጠው ቁም ነገር፣ ተማሪው ከሰው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር የቆጠረውን ቅኔ በመምህሩ ፊት ቆሞ መንገሩ፣ ባልንጀሮቹም እየሰሙ መታረሙ ነው፤ ቃሉ ቢሰበርበት «ይቺ መሞከሪያ ናት» አይልም። ባለቅኔ ያደረገው ያ በሰው ፊት መታረሙ ነው።

የጎልፍ ጀማሪ ግን በተገላቢጦሽ ከመወድስ ይጀምራል። ድራይቨር የሚባለውን ከዱላዎቹ ሁሉ ረጅሙን መዝዞ፣ ኳሷን ከዐይን ለመሰወር ይታገላል፤ ምክንያቱም ተመልካች የሚያደንቀው ሩቅ የሄደችውን ኳስ እንጂ በእርጋታ ተንከባልላ ጉድጓድ የገባችውን አይደለምና፤ ይህም ያው ይሉኝታ ሌላ ልብስ ለብሶ መምጣቱ ነው። ሒሳቡን እንመልከት። ዐሥራ ስምንቱ ጉድጓድ በጥቅሉ በ72 ምት እንዲያልቅ በተሰፈረ ሜዳ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ሁለት ምት የሚታሰበው በለሰለሰው ሣር ላይ ኳሷን ለማንከባለል ነው፤ ይህም ሲደመር 36፣ ማለት የጠቅላላው እኩሌታ ነው። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ጉባኤ ቃና የሚሆነው ፓተር የሚባለው አጭር ዱላ ነው። ጀማሪው ከጉድጓዱ ሁለት ክንድ ርቆ ይቁም፤ ከዚያች ሥፍራ ሃያ ኳስ እየተከታተለ ሳይስት እስኪያስገባ ድረስ ወደ ኋላ አይራቅ፤ ከዚያም አራት ክንድ፣ ከዚያም ስምንት። ከዚህ ርቀት ስሕተት ቢፈጠር ከምን እንደ መጣ በዐይን ይታያል፤ ወይ አቅጣጫው ጠሟል ወይ ጉልበቱ ልኩን ስቷል፤ ሦስተኛ ምክንያት የለውም። በረጅሙ ዱላ የተሳተ ምት ግን ሃያ ምክንያት ስላለው ጀማሪውን ግራ ከማጋባት በቀር አያስተምረውም። እኔ ራሴ በሁለተኛው ጅምሬ ሦስት ወር ያህል ከፓተርና ከአንድ አጭር ዱላ በቀር አልነካሁም፤ ያንንም ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ስለ አያያዝ የሚነገረው ብዙ ነው፤ ሥዕሉን ከአሠልጣኝ ማየት ስለሚሻል እኔ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። ልጓም የጨበጠ ሰው ያውቀዋል፦ ልጓሙን ያነቀ ፈረሱ ይቆምበታል፣ የለቀቀም ፈረሱ ይዞት ይሄዳል፤ ጎበዝ ጋላቢ ግን የፈረሱ አፍ በጣቱ እስኪሰማው ያህል ብቻ ይይዛል። የጎልፍ ዱላም እንዲሁ ነው፤ ጨብጦ ያነቀው ሰው ክንዱ እስከ ትከሻው ይደርቅና ዱላው እንደ አጥር እንጨት ይሆንበታል። ስለ እጅ አቀማመጥ ግን ማንም «የተፈቀደው ይህ ብቻ ነው» ብሎ አያስፈራራችሁ። በደቡብ አፍሪካ ደርባን ከተማ ካዲ ሆኖ ያደገው የሕንድ ተወላጅ ፓፕዋ ሴውጎሉም እጆቹን ከሰው ሁሉ አገላብጦ ግራውን ከቀኙ በታች አድርጎ እየያዘ በ1959 የሆላንድ ኦፕን የተባለውን ውድድር አሸነፈ። በ1963 በገዛ አገሩ የናታል ኦፕንን ባሸነፈ ጊዜ፣ የዘር መድልዎ ሕግ ከክለቡ አዳራሽ እንዳይገባ ስለ ከለከለው፣ ሌሎቹ በጣሪያ ሥር ሆነው እርሱ ዋንጫውን በውጭ በዝናብ ውስጥ ተቀበለ። ይህን ታሪክ የማነሣው አያያዙን ቅዱ ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሰው እንዴት ያየኛል ብሎ ለሚጨነቅ ጀማሪ፣ ዝናብ እየመታው ዋንጫ የተቀበለውን ያንን ሰው ማሰብ ፍርሃቱን በልኩ ያደርግለታል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የጀማሪ ስሕተት ኳሷን በዱላው ጨልፎ ወደ ሰማይ ለማውጣት መድከሙ ነው። ኳሷ የምትነሣው በሰው ትግል ሳይሆን የዱላው ፊት ዘንበል ብሎ ስለ ተሠራ ነው፤ የተጫዋቹ ድርሻ ዱላውን በሣሩ ላይ ዝቅ አድርጎ በኳሷ ውስጥ ማሳለፍ ብቻ ነው፤ የቀረውን ብረቱ ያውቅበታል። እንጨት ፈልጦ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ግንዱን የሚሰነጥቀው የምሣሩ ክብደት እንጂ የፈላጩ ቁጣ አይደለምና። የሚገርመው ግን የአገሬ ጎልማሳ ምሣር ሲይዝ የሚያውቀውን ይህን ምስጢር የጎልፍ ዱላ ሲይዝ ፈጽሞ ይረሳዋል፤ እኔም ረስቼው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መቁጠር ልመለስ። በጎልፍ ብዙውን ጊዜ ዳኛ በአጠገብ አይቆምም፤ ዱር ውስጥ ገብታ ማንም ያላያትን ምት የሚቆጥራት መቺው ራሱ ነው። በ1925 በአሜሪካ በዎርስተር ከተማ በተደረገው የአገሪቱ ኦፕን፣ ቦቢ ጆንስ የተባለው ስመ ጥሩ ተጫዋች በረጅም ሣር ውስጥ ለመምታት ሲዘጋጅ ኳሷ ጥቂት እንደ ተንቀሳቀሰች አስታወቀ፤ ከእርሱ በቀር ያየ አልነበረም፤ ዳኞቹም ጠይቀው ምስክር ስላጡ ነገሩን ለእርሱው ተዉለት፤ እርሱ ግን በራሱ ላይ አንድ ምት ጨመረ። በመጨረሻው ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ወጥቶ በማግሥቱ በተደገመው ጨዋታ በአንድ ምት ተሸነፈ፤ ያችን ምት ባይቆጥራት ኖሮ ድገማ ሳያስፈልግ ዋንጫው የእርሱ በሆነ ነበረ። ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ የእኔዋ «መሞከሪያ» ትዝ ብላኝ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ጆንስ ሊቅ ነበረና ለእርሱ ቀላል ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ለጀማሪው ከዚህ የበለጠ ጥቅም አለው ብዬ እመልሳለሁ፦ መሳቱን አንድ ብሎ ጮክ ብሎ የቆጠረ ሰው፣ ሌላው ሊቆጥርበት የሚችለው ነገር አይቀረውም። ይሉኝታ የሚኖረው በተሸሸገ ነገር ላይ ነው፤ በይፋ የተነገረ ነገር ላይ መኖሪያ ያጣል። እኔ በተመለስሁበት ቀን ከመጀመሪያው ጉድጓድ ዐሥራ አንድ ምት አውጥቼ «ዐሥራ አንድ» ባልሁ ጊዜ ማንም አልሳቀም፤ አብሮኝ የሚጫወተው ሽማግሌ በካርዱ ላይ ጻፈና ወደ ሁለተኛው ጉድጓድ ሄድን።

ጨዋታው ራሱም ለጀማሪ የተዘረጋ ምሕረት አለው፤ ሃንዲካፕ ይባላል። ተጫዋቹ በቅን የጻፋቸው ውጤቶች ተሰልተው፣ ከጎበዙ ጋር ሲጫወት ስንት ምት እንደሚቀነስለት የሚወስን ቁጥር ነው፤ ከ2020 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ አንድ በሆነው ሥርዐት እስከ 54 ሊደርስ ይችላል። በዚህ ስሌት ትናንት የጀመረ ሰው ሃያ ዓመት ከተጫወተው ጋር ተወዳድሮ በሐቅ ሊያሸንፈው ይችላል። ነገር ግን ምሕረቱ የሚገኘው በቅን ለቆጠረ ብቻ ነው፤ ምቱን የደበቀ ሰው ቁጥሩን በገዛ እጁ ያሳንስና የማይገባውን ሸክም ይሸከማል።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ ልናገር። ሕጉ አንድ ተጫዋች ከዐሥራ አራት ዱላ በላይ እንዳይዝ ይከለክላል እንጂ ዐሥራ አራት መያዝ አለበት አይልም፤ ለጀማሪ ፓተርን ጨምሮ አምስት ወይም ስድስት ይበቃዋል፤ እነርሱም ሰው የተገለገለባቸው ቢሆኑ ኳሷ አታውቅም። አዲስ ሙሉ ዕቃ፣ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ጓንት አሟልቶ የመጣን ጀማሪ ባየሁ ቁጥር አዝንለታለሁ፤ ልብሱ የሚመሰክርለትን ያህል ክንዱ እንዲመሰክርለት ስለሚገደድ ጭንቀቱ እጥፍ ይሆናልና።

በመንገዴ ላይ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ፤ በአዲስ አበባ ኳሷን መቶ አርቆ የሰደደ ሰው ቶሎ አይኵራ። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር ውስጥ ደግሞ ኳስ በባሕር ዳርቻ ካሉት አገሮች ይልቅ ከመቶ ወደ ዐሥር እጅ የሚጠጋ ርቀት አትርፋ ትሄዳለች። ዱባይ ሄዶ የተጫወተ አንድ ወዳጄ ዱላዎቹ በጉዞ ላይ የተበላሹ መስሎት ነበር። ኢንጅባራና አዲስ ቅዳም ከአዲስ አበባም ከፍ ያሉ ናቸውና፣ አንድ ቀን በዚያ ሜዳ ቢከፈት የአገሬ ሰው በትዕቢት እንዳይወድቅ ከወዲሁ ልጸልይለት ይገባኛል።

የሜዳ ጨዋነት የሚባለው ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም። ሰው ሊመታ ሲዘጋጅ ዝም ማለት፣ በጥላው አለመጋረድ፣ በሜዳው ላይ ያለውን የአሸዋ ጉድጓድ የረገጡትን ያህል አስተካክሎ መውጣት፣ ኳስ ወደ ሰው ስትሄድ «ፎር!» ብሎ መጮኽ፣ የጠፋች ኳስን ከሦስት ደቂቃ በላይ እየፈለጉ ከኋላ ያሉትን አለማስቆም፣ ይኸው ነው። ከዚህ ሁሉ አንዱን ላጉላ፤ ካዲውን ስሙን ጠይቁት፣ ምክሩንም ስሙ። ሜዳውን በእግሩ ያውቀዋል፤ ሣሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ከማንም መጽሐፍ ይልቅ እርሱ ይነግራችኋል። ያን ቀን ዐይኑን ወደ ሣር የሰበረው ወጣት ኋላ ከአሠልጣኞቼ አንዱ ሆነ፤ ስለዚያች ምት ግን አንድም ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም።

«በስንት ወር እደርሳለሁ?» የሚለውን ጥያቄ በዲከረንስ ልመልስ። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ማዳበሪያ የማይመልሰውን፣ አሲድ የበላውን መሬት በዲከረንስ ይተክለውና በአራትና በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ መሬቱም አገግሞ እህል ይቀበላል። በመጀመሪያው ዓመት ቢያየው የሣር ያህል ነው፤ እየነቀለ ሥሩን የሚመረምር ገበሬ ግን አላየሁም። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን የሚያደርቅ በሽታ ገብቶ ብዙ ደን ሲጎዳ፣ ያለቀሰ ቢኖርም መትከሉን ፈጽሞ የተወ አላጋጠመኝም። በጎልፍም ጀማሪው በሳምንት ሁለት ቀን ቢለማመድ ከዓመት በኋላ ኳሷን ብዙውን ጊዜ ያገኛታል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ወዴት እንደምትሄድ በግምት ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ ልክ ነው። በመካከሉም ያወቀው ሁሉ በአንድ ማለዳ ጠፍቶ የሚያድርበት ጊዜ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ወደ ሁለት ክንዷ ጉባኤ ቃና መመለስ እንጂ ዱላ መለወጥ አይረባም።

ሜዳ የለኝም ለሚለውም መልስ አለኝ። ባለፈው ዓመት ለጥር በዓል ወደ አገሬ ስወርድ ፓተሬንና አንድ አጭር ዱላ ከጥቂት ኳሶች ጋር ይዤ ሄድሁ። የእኅቴ ልጆች ከብት በጋጠው ጨፌ ላይ አፈር ምሰው የወተት ዱቄት ጣሳ ቀበሩልኝ፤ የጣሳው አፍ ከሕጋዊው ጉድጓድ ብዙም አይለይም፤ ባንዲራውም የአሮጌ ነጠላ ጥለት በሸምበቆ ላይ ታስሮ ሆነ። የጋጡት ላሞች ሣሩን ከመኪና ባልተናነሰ አስተካክለውታል፤ በየመንገዱ ለጣሉት እበት ግን እኛው የራሳችንን ሕግ አወጣንለት። ልጆቹ ገና የተጫወቱ ስለ ሆኑ ኳሷ ሳትቆም ሊመቷት እየሮጡ ሲያስቸግሩኝ ዋሉ።

ሠርክ ላይ የእናቴ ወንድም፣ ከፈረሰኞቹ ማኅበር አንዱ የሆኑት፣ ፈረሳቸውን ውኃ አጠጥተው ሲመለሱ ከጨፌው ዳር ቆመው ያዩን ጀመር። ዕድሜያቸው ሰባ አልፏል፤ በከተማው ውስጥ ተሳስተው የታዩበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም።

«ይህን ነው አዲስ አበባ ለፍተህ የተማርኸው?» አሉኝ።

«አዎን ጋሼ።»

«የተኛች ኳስ መምታት?»

«የተኛች ኳስ መምታት።»

ልጓሙን ለታናሹ ልጅ ሰጡትና ጋቢያቸውን አጣፍተው አጭሩን ዱላ ከእጄ ተቀበሉ። ልጆቹ ዝም አሉ። መንገድ ላይ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎችም ቆሙ፤ ከእነርሱ ውስጥ የማኅበሩ ሰዎች እንደ ነበሩ አይቻለሁ። አጎቴ እግራቸውን እንደ ምሣር ያዥ ከፈት አድርገው ዱላውን ወደ ላይ አነሡ፤ ሰነዘሩትም፤ ከኳሷ በላይ በአንድ ስንዝር አለፈ። ከሰዎቹ አንዱ ሳል አለ። እኔ ያችን የአዲስ አበባ ቅዳሜ አስታውሼ አፌን ስከፍት፣ አጎቴ ዐይናቸውን ከኳሷ ሳያነሡ፣

«አንድ» አሉ፤ ድምፃቸው መንገዱ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከዚያም እግራቸውን እንደ ገና አስተካከሉ። ኳሷ ከተኛችበት ስላልተነሣች መልሼ ማስቀመጥ አላስፈለገኝም።